እንቅልፍ የሚጠብቀው ሰዓት

እኔ እንቅልፋም ነኝ። አውቶቡስ ላይ እተኛለሁ፣ ፀጉር ቤት እተኛለሁ፤ አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን እንደከፈትኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ሐኪሙ ደንግጦ ነርሷን ጠርቷል። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን በእንቅልፍ ጥናት ሊሳተፍ ነው ተብሎ ሥራው ለእኔ ሲሰጠኝ እቤት ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ወንድሜ፣ «በመጨረሻ የሙያሽን ሥራ አገኘሽ» አለኝ።

መሥሪያ ቤታችን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከአንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ጀርባ ያለ ክፍል ነው። የመንግሥትም የዩኒቨርሲቲም አይደለም፤ ቀደም ብለው ከአገር ቤት የመጡ ሰዎች ኋላ ለሚመጡት ብለው ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የደም ግፊት እንለካለን፣ ኢንሹራንስ ለማውጣት እንረዳለን፣ ሐኪም ዘንድ አብረን እየሄድን እናስተረጉማለን። ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚመጣው ግራጫ ደመና የኦሎምፒክን ጎዳና ተሻግሮ በራችን ድረስ ይመጣል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ የምግብ ቤቶቹ ወንበሮች ገና ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ናቸው። እኔ ያን ሰዓት እወደዋለሁ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳይለይልኝ ብዙ ነገር የማስበው ያኔ ነው።

ጥናቱ በብዙ አገሮች በአንድ ላይ የሚካሄድ ነበር። የሰው እንቅልፍና የልቡ ጤንነት እንዴት እንደሚገናኙ ለማወቅ ነው ተባልን። ዶክተሮቹ ያሉት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹን የምናመጣው ግን እኛና በየአገሩ ያሉ እንደኛ ዓይነት ትንንሽ ድርጅቶች ነን። አዲስ አበባም አንድ አለ። በየወሩ በቪዲዮ እንሰበሰባለን፤ እኛ ጋ ሲነጋ እነሱ ጋ ይመሻል። እዚያ ማዶ ያለችው ሴትዮ የቀኑን ድካም ታዛጋለች፣ እኔ ደግሞ ያልጨረስኩትን እንቅልፍ አዛጋለሁ፤ እንዲህ እየተያየን ስናዛጋ ወዳጆች ሆንን። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ፈረንጅ ናት፣ መልካም ሴት። ስብሰባውን ስትዘጋ ሁልጊዜ «ያለ እናንተ ይህ ሥራ አይሆንም» ትለናለች። እውነቷን ነው። ዩኒቨርሲቲ ቢደውል የኛ ሰው ስልኩን አያነሳም። እኔ ስደውል ያነሳል፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቃል፣ እናቴ እንዴት እንደሆነች ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥናት የሚባለው ነገር የሚጀመረው።

መጠይቁ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት እንቅልፍዎ እንዴት ነበር? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይስ መጥፎ?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን ማለት ጥሩ ነው መካከለኛ?»

«ተመስገን ነዋ ልጄ! ሌላ ምን ይባላል?»

ዶክተሯ ተመስገን ከአራቱ መልሶች የትኛው እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሁሉም ነው አልኳት። ሳቀች፤ ያልሳቅኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ቀልዴን አልነበረም።

ሰዓቱ የመጣው ለዚህ ነበር። ሰዓት እንለዋለን እንጂ ጊዜ አይናገርም፤ ፊቱ ባዶ የሆነ ግራጫ ነገር ነው። ከሥሩ፣ ከቆዳ ጋር በሚነካካበት በኩል፣ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ሰውየው እጁ ላይ አስሮት ይተኛል፤ ሰዓቱ የልቡን ምትና የሰውነቱን እንቅስቃሴ ይመዘግባል። በየተወሰነ ጊዜ እየዞርኩ ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ የያዘውንም እቀዳለሁ። የተቀዳው ነገር ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ እኔም አላየውም። ቢሆንም ከሰው እጅ ገና የወጣ ሰዓት ለብ ያለ ነው፤ መዳፌ ውስጥ ይዤው ባለቤቱ ያየውን ሕልም ለመገመት እሞክር ነበር። እዚሁ ከተማችን በጋርዴና፣ በክሬንሾው፣ አዲስ አበባም ጭምር፣ እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴ ብርሃኖች ብርድ ልብስ ሥር ሲያበሩ ይታየኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

መፈረሚያው ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ሰዓቱ የሚመዘግበውን ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም እንደማይመለከተው፣ ሰዓቱም ሕክምና እንዳልሆነ የሚናገር። በየሰዉ ቤት እየሄድኩ በአማርኛ አነበብኩት። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የኛ ሰው ግን የሚነበብለትን ወረቀት አይደለም የሚያዳምጠው፣ የሚያነብለትን ሰው ፊት ነው የሚያየው። ልጅቷን እናውቃታለን፣ ድርጅቱን እናውቀዋለን፣ ታዲያ ምን ቀረ? ይፈርማል። መልሶ መጠየቅ አለማመን ይመስላል፤ ይሉኝታው የት ሄዶ!

ከፈረሙት መካከል አንድ ጋሼ ነበሩ። ተማሪ ሆነው መጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጋርዴና ውስጥ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ነበራቸው፤ ዛሬም የማንንም ሱሪ ርዝመት በዓይናቸው ይለካሉ፣ የእኔንም ጭምር፣ ደግሞም ይናገራሉ። ሁለቱም መመዝገብ ፈልገው ነበር። እትዬ የልብ መድኃኒት ስለሚወስዱ ጥናቱ አልተቀበላቸውም፤ የሚፈለገው ልቡ ደህና የሆነ ሰው ነው።

ጋሼ፣ «ደህናውን ሰው ምን ብላችሁ ነው የምትመረምሩት?» አሉኝ።

መልሱን እንደተማርኩት ነገርኳቸው። በትሕትና ሰሙኝ፣ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም።

ያኔ ጋሼ ዓይናቸው ደም የለበሰ፣ ወሬ መሐል የሚያንቀላፉ ሰው ነበሩ። እንቅልፋምን እንቅልፋም ያውቀዋል፤ የሳቸው ግን የእኔ ዓይነት አልነበረም፣ ያጡትን የሚፈልጉ ዓይነት ነበር። ሰዓቱን ከወሰዱ በኋላ ግን ሰውየው ተለወጡ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ይጠብቁኝ ጀመር። ሎሚያቸውን ከጓሮ ለቅመው በፌስታል ይሰጡኛል፣ ይቀልዳሉ፣ ትራፊኩ እንዴት እንደነበር እስክጨርስ ያዳምጡኛል። ሰዓቱንም ቀድመው ከእጃቸው አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅተው ነው የሚጠብቁኝ። ጥናቱ ደስ ብሏቸው ነው አልኩ። እንቅልፍ የሚለካ ነገር እንቅልፍ እንደማይሰጥ ማሰብ ነበረብኝ።

አንድ ቀን ሌላ ሰው አፖይንትመንቱን ሰርዞብኝ ከቀጠሯችን ቀደም ብዬ ሄድኩ። በሩን እትዬ ከፈቱልኝ። ጎመን እያጠቡ ኖሯል፤ እጃቸው እርጥብ ነው፣ የሹራባቸው እጅጌ እስከ ክርን ተሰብስቧል። ሰዓቱ እሳቸው እጅ ላይ ነበር።

አየሁት፤ እትዬም እንዳየሁት አዩ። እጅጌያቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች ሳቡና፣ «ግቢ፣ ደጅ አትቁሚ» አሉኝ። ከኋላቸው ጋሼ መጡ። እጃቸው ባዶ ነው። እኔን ሲያዩ ስልካቸውን የረሱ መስለው ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ከዚያ ተዉት። «ነይ» አሉኝ፣ «መኪናሽ ድረስ ልሸኝሽ።» ገና መግባቴ ነበር።

መንገዱ ዳር ፓርክ ያደረግኩበት ጥላ ሥር ቆምን። የጃካራንዳው አበባ ወድቆ የመኪናዬን ጣሪያ ሐምራዊ አድርጎታል፤ ጋሼ አንድ አንድ እያነሱ እየጣሉ ነገሩኝ።

«እትዬሽ ስትተኛ ትንፋሿ ይቆማል። መጀመሪያ ታንኮራፋለች፣ ኦኬ፣ እሱ ምንም አይደለም። ከዚያ ጸጥ ትላለች። ጸጥ እንዳለች ትቆይና እንደ ሰመጠ ሰው አየር ስባ ትመለሳለች። ስንቴ ሞተች ብዬ ቀስቅሻታለሁ መሰለሽ።»

«ለእትዬ ሐኪም ነግረዋል?»

«አስምላኛለች እኮ! ሴት ልጅ ታንኮራፋለች ተብሎ ሐኪም ቤት ይወራል ወይ አለችኝ። ዶክተሩ እንቅልፍ እንዴት ነው ሲላት ተመስገን ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጣራ ጣራ አያለሁ።»

«ስለዚህ ሰዓቱን...»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም። መሐላዬን አላፈረስኩም። ሰዓቱ ነው የሚነግራችሁ።» ይህን ሲሉ ትንሽ ኮራ አሉ። «ድሮ ማታ ማታ የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። ደረቷን እያየሁ ይነጋል። አሁን እናንተ አላችሁ። ዶክተሮቹ በኮምፒውተር ያዩዋታል፤ አንድ ነገር ብትሆን ይደውላሉ ብዬ ስልኬን ከራስጌዬ አድርጌ እተኛለሁ። እግዜር ይስጣችሁ ልጄ። ተኛሁ እኮ!»

ክው ብዬ ቀረሁ። ፊታቸው ላይ ያለው እፎይታ የሕፃን ነበር፤ እሱን አይቼ ወዲያው ማፍረስ አልቻልኩም። «እሺ ጋሼ» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

የክሬንሾውን መንገድ ይዤ ወደ ሰሜን ስነዳ መንገዱን ያየሁት አይመስለኝም። መብራት ሲቀየር ከኋላዬ ጡሩምባ ይነፉብኛል። በሐሳቤ ያቺ ብርድ ልብስ ሥር ያለች አረንጓዴ ብርሃን ትታየኛለች፤ አንድ ሽማግሌ እሷን አምነው ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተዋል፣ አጠገባቸው የሚስታቸው ትንፋሽ ቆሟል፣ በዚያች ብርሃን ማዶ ደግሞ ማንም የለም። ባዶ ወንበር። ማንም ኖሮ አያውቅም። እኔን ያስፈራኝ እትዬ መታመማቸው ብቻ አልነበረም፤ ስንቱ ሌላ ሰው እንዲሁ አስቦ እንደተኛ አለማወቄ ነበር። አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ኃላፊያችን ጡረታ የወጣች ፋርማሲስት ናት፣ ቆፍጣና። ነገሩን ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወዲያው ለዶክተሯ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ስልኩን ከፍ አደረገችው። ዶክተሯ አዘነች፤ ድምፅዋ ላይ ይሰማል። ግን ያለችው ይህ ነው፦ የጋሼ ዳታ ከጥናቱ ይወጣል፣ የተቆለፈውን ከፍቶ ማየት አይፈቀድም፣ እትዬ ደግሞ የጥናቱ ሰው ስላልሆኑ ጥናቱ ስለሳቸው ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

ኃላፊያችን አስጨረሰቻት። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ «ዶክተር፣ እኛ ዳታ አይደለም የሰጠንሽ። ጎረቤቶቻችንን ነው ያመጣንልሽ» አለቻት። «በራቸውን የከፈቱት ለእኛ ነው። ይህቺ ሴት አንድ ነገር ብትሆን ለቅሶ የምንቀመጠው እኛ ነን፣ አንቺ አይደለሽም።»

መልካም ሴት ናት ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ መልሳ ስትደውል ክሬንሾው ላይ ባለ ክሊኒክ የምታውቀውን የእንቅልፍ ሐኪም ለምናልን ነበር፤ ማክሰኞ እትዬን ያያቸዋል። ለሌሎቹም ተሳታፊዎች ወረቀቱን እንደገና እንድናነብላቸው ተስማማን፤ አሁን ግን ራስ መነቅነቅ አይበቃም፣ የገባቸውን በራሳቸው አፍ ይነግሩናል።

እኔ ጋሼን ከማክሰኞ በኋላ ልንገራቸው አልኩ። ቢያንስ እነዚህን ቀናት ይተኙ።

ኃላፊያችን፣ «ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብትሆን ምን ልትያቸው ነው?» አለችኝ። «ተነሺ፣ ድራይቭ አድርጊ።»

በማግስቱ አልሄድኩም፣ ያኔውኑ ሄድኩ። ደመናው ተገፎ ጋርዴና ላይ ፀሐይዋ ማር መስላ ተኝታለች። እትዬ ምሳ በልተው ጋደም ብለዋል፤ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ጋሼ ሳሎን አስቀመጡኝ። ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ በቀጥታ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን የሚያየው ሰው የለም። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም አይከፍተውም። እትዬ አንድ ነገር ቢሆኑ የሚደውል የለም።»

መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ ፈገግታው እዚያው ቆየና ከፊታቸው ላይ መውረጃ አጣ።

«ማንም?»

«ማንም።»

«እነዚህን ሁሉ ቀናት?»

«አዎ ጋሼ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። እያየኋቸው አረጁ፤ ዓይናቸው ዙሪያ ያ የድሮው ጥቁረት የተመለሰ መሰለኝ። ስለ ክሊኒኩና ስለ ማክሰኞው ቀጠሮ ነገርኳቸው፤ መስማታቸውን እንጃ። ተነስተው ወደ መኝታ ቤቱ ገቡና ሰዓቱን ከሚስታቸው እጅ ላይ ፈትተው ይዘው ወጡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በራሳቸው እጅ ላይ አሰሩት።

«በእኔ ምክንያት የሰው ሥራ አይበላሽ» አሉ።

«ተዉት ጋሼ፣ እሱ አሁን ምንም አይደለም።»

«እስከ ማክሰኞ እሷን ማን ያያታል?» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱን ያውቁታል። ገና ከአሁኑ ሌሊቶቹን እየቆጠሩ ነበር።

«አሁን እኔ አያለሁ» አልኩ። «እርስዎ ትንሽ ጋደም ይበሉ። ማታውንም ተራ እናበጃለን፣ መሥሪያ ቤታችን ሰው አያጣም። የትም አልሄድም።»

እንቢ ሊሉ ነበር። ድካሙ ቀደማቸው። ሶፋው ላይ ጎናቸውን ሲያሳርፉ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ወዲያው የሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን ከመዳፋቸው ሥር መታየት ጀመረ። እኔ ከወጥ ቤት አንድ ወንበር አምጥቼ እትዬ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጋረጃው በነፋስ ይነፋል፣ ይመለሳል። ከሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ይመጣል። ክፍሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር።

«ነገርሽው?»

ደነገጥኩ። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«ነገርኳቸው እትዬ።»

«ደግ አላደረግሽም።»

«የሚያይዎት ሰው የለም እኮ። እሳቸው አለ ብለው...»

«እንደሌለ አውቃለሁ። ያን ቀን ወረቀቱን ስታነቢለት ወጥ ቤት ሆኜ እሰማሽ ነበር። እሱ ፊትሽን ያያል፣ እኔ ግን ሰማሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሲተኛ ደስ አለኛ! ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ሲያንኮራፋ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካስ እሱም ያንኮራፋል። ተጋድሜ እሰማዋለሁ። አንድ ነገር ብሆንስ ብዬ ሳላስብ ቀርቼ መሰለሽ? ግን እኔን ሲጠብቅ እሱ ቀድሞኝ ሊሄድ ነበር። ሰዓት አደረግሁለት፣ በቃ። እኔ ምን ጎደለብኝ?»

የሰዓቱ ቀበቶ የነበረበት ቦታ እጃቸው ላይ ሰንበር ጥሎ ነበር፤ በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ማክሰኞ እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንኮራፋለሁም እላለሁ። እሱ ግን ይሄን የነገርኩሽን እንዳይሰማ።»

«እሺ እትዬ።»

«በይ እንግዲህ፣ አንቺ እይ» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

አየሁ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ቀስ እያለ ማንኮራፋቱ መጣ፣ ከሳሎንም የጋሼ ማንኮራፋት ይመልስለታል። ከዚያ የእትዬ ቆመ። መጋረጃው ተነፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነፋ። ደረታቸው አልተነሳም። ጋሼ በየሌሊቱ ብቻቸውን ሲያዩት የኖሩት ይህንን ነበር፤ ከእኛ ማንም አይቶት አያውቅም። ከወንበሬ ተነስቼ ትከሻቸውን ነካሁ።

«እትዬ!»

አየሩን በኃይል ሳቡት። እጃቸው የእኔን ፈልጎ ያዘ።

«አለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።